ሰባት ቤቴን የቆጠረው ሰው

ሰዓዳ ስሜ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠራቸው አያቶችም የኔ አያቶች አይደሉም፤ ሁሉንም ቀያይሬያቸዋለሁ። የመንደሬን ስም ደግሞ ጭራሽ አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል። ንዴቴን ግን አልቀየርኩትም፤ እንዳለ ነው።

ጦርነቱ ካርቱምን ከማፍረሱ በፊት በነበረው ዓመት ካፉሪ ውስጥ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወሎ የመጣሁት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ወለል እየወለወልኩ ስንኝ እቋጥራለሁ፣ ማታ ስልኬ ሲመለስልኝ እጽፈዋለሁ። ሲመለስልኝ ያልኩት፣ ማዳም ጠዋት ጠዋት ስልኬን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ስለምትቆልፍበት ነው። ከጁምዓ በቀር ቀን ላይ ስልክ አልነበረኝም።

ፌስቡክ ላይ የምጽፈው በብዕር ስም ነበር። ፊቴን አላሳይም፤ የምሠራበትን ሰፈር አልናገርም። እንዲያውም ሌሎቹን ሴቶች የምገሥጸው እኔ ነበርኩ። አንዷ ጓደኛዬ የአሠሪዎቿ ሳሎን ውስጥ ተነሥታ ፎቶዋን ስትለጥፍ፣ «ከኋላሽ ያለውን መስኮት አየሽው? የመስጊዱ ሚናራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቤቱን ፈልጎ ለማግኘት ይሄ ይበቃል» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ሰላይ ሆነሽ ቀረሽ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ይሄን የምነግራችሁ እወቁልኝ ብዬ ነው። የተያዝኩት በሞኝነቴ አይደለም። በጨዋነቴ ነው።

ያሲን ነኝ ያለኝ ሰው የመጣው በግጥሜ በኩል ነው። ሌሎች ወንዶች «ቆንጆ ነሽ?» ብለው ሲጽፉልኝ፣ እሱ «ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቀለም ተርፏል፤ ብትቀንሺው ይሻላል» ብሎ ጻፈልኝ። ቆጠርኩት። እውነትም አንድ ቀለም ተርፏል። ብቻዋን ስትጽፍ ለኖረች ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ፍሪጅ እንደሚጠግን፣ እሱም የወሎ ልጅ እንደሆነ ነገረኝ። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ፎቶ አልጠየቀኝም። ፎቶ የማይጠይቅ ወንድ! «የኔ ባለቅኔ» ነበር የሚለኝ። ስልኬ ስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ማንን እንደምናፍቅ ሁሉንም ያውቃል። የምናፍቀው ታናሽ እህቴን ዘምዘምን ነበር።

አንድ ምሽት ደወለና ድምፁን ከበድ አደረገ።

«ሰዓዳ፣ ቁም ነገር ውስጥ ከመግባታችን በፊት እንቁጠር።»

«ምኑን?»

«ሰባት ቤት ነዋ። ዘመድ ሆነን ብንገኝስ? ሰው አገር ነን ብለን ወግ እንርሳ እንዴ?»

እኛ ቤት ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። መሀል ላይ ደም ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካርቱም ላይ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? እኛው በስልክ ቆጠርን። እሱ ጀመረ፤ ሰባቱንም አያቶቹን ዘረዘረልኝ። እኔም ቀጠልኩ። የአባቴን ወገን፣ የእናቴን ወገን፣ መንደሬን፣ ወንዙን፣ እህት ወንድሞቼን በየስማቸው። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ እንዳንገናኝ ዱዓ አደርግ ነበር።

አልተገናኘንም። ባዕድ ነን። በደስታ አለቀስኩ።

ፊቴን ከዓለም የደበቅኩ ሴት ቅድመ አያቶቼን አውጥቼ ሰጠሁት። ያን ዕለት ደግሞ ፊቴንም ጨመርኩለት፤ የታጨሁ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎም «ለማንም አንብቤው የማላውቀው ግጥም አለኝ» አልኩና ለዘምዘም የጻፍኩትን በድምፄ ቀርጬ ላክሁለት።

ነይ እንጂ እታለሜ፣ መንገዱ ቢከፋም፣
እኔ ያለሁበት፣ ጥላው ግን አይጠፋም።
ብቻዬን ስጠጣው፣ ዓባይም መረረኝ፣
ካንቺ በቀር ወዲያ፣ ሌላ ሰው ማን ቀረኝ።

«ይሄን ግጥም ሰምቶ የማይመጣ የለም» አለኝ። እኔ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ጁምዓ ጠዋት እናቴ ደወለች። እናቴ የምትደውለው በጎረቤት ስልክ ነው፤ ስለዚህ ትጮኻለች።

«ሰዓድዬ! ልጄ ገባችልሽ?»

«ማን?»

«ማን ትላለች! ዘምዘም ነዋ። ትናንት ከገዳሪፍ ደውላ ነገ ከጁምዓ በኋላ እገባለሁ ብላን ነበር። የደወለችበት ስልክ ዛሬ አይነሣም።»

ዘምዘም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከደሴ አልፋ አታውቅም።

«እማ፣ ዘምዘምን ማን ጠራት?»

ቀስ ብላ፣ «አንች አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ። «ሥራ አግኝቼልሻለሁ ብለሽ የጻፍሽላት? መተማ ላይ በሰው ያሻገርሻት? ባልሽ ይቀበላታል አላልሽም?»

«የምን ባል?»

«ያሲን ነዋ! አላህ ይስጠው፣ የኛን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው እኮ ለአባትሽ ሰላምታ የላከ። አባትሽ በደስታ ሲያለቅስ አደረ።»

ስለ እናቴ ሳስብ አሁንም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ደስ ብሏት ነበር።

«አብሽሪ እማ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኩና ዘጋሁት። ፌስቡክ ከፈትኩ። ዘምዘምን ፈለግኩ፤ የለችም። ዘግታኛለች። ስሜን ጽፌ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት። በእውነተኛ ስሜ፣ ለእሱ ብቻ በላክሁት ፎቶ፣ አንዲት «ሰዓዳ» ተቀምጣለች። ምን እንዳላት ገባኝ፤ በኋላም አነበብኩት። «የድሮው ገጼ ተሰርቋል፣ ዝጊው። በስልክም አትደውይልኝ፣ ቀን ቀን ማዳም ትይዝብኛለች» ብሏታል። ውሸቱን በኔ እውነት ነው የገነባው። እህቴ ከእኔ ሸሽታ ወደ እኔ እየመጣች ነው!

ልሰድበው ጣቴ ተነሣ። ቃላቱ አፌ ላይ ነበሩ። ግን እንደነቃሁበት ካወቀ እህቴን ይዟት ይጠፋል። ካርቱም ሰፊ ናት፤ የት እንደሚቀበላት አላውቅም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ሰላም ዋልክ? ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ድምፅህ ናፈቀኝ።»

ያቺን አረፍተ ነገር ስጽፍ የተሰማኝን ጥላቻ እስካሁን ግጥም ላደርገው አልቻልኩም።

በድምፅ መለሰልኝ። «የኔ ባለቅኔ፣ እኔም ናፍቄሻለሁ። ኦምዱርማን ነኝ፣ የሰው ፍሪጅ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ማታ እደውልልሻለሁ፣ ኢንሻላህ።»

ደግሜ ሰማሁት። በሦስተኛው ጊዜ ከድምፁ ጀርባ አንዲት ሴት በዓረብኛ ስትጮኽ ሰማሁ። «ያ ወለድ! ባንበሬን የት ትወስዳለህ? መልስ!»

«ያ ወለድ» አንተ ልጅ ማለት ነው፤ ባንበር ደግሞ የሻይ ሴቶች ደንበኛ የሚያስቀምጡበት አጭር በርጩማ ነው። እንደዚያ እያለች በርጩማዋን የምትጠብቅ ሴት በካርቱም አንድ ብቻ ናት። እትዬ ሐሊማ። ሶባ፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ሻይ ትሸጣለች። አገሩ ስገባ አራት ወር ያስጠጋችኝ እሷ ናት። የገዳሪፍ አውቶቡስ ከተማ ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው ደግሞ በሶባ ነው።

እኔን በጨዋነቴ ያጠመደኝ ሰው ከጀርባው ያለውን ድምፅ ረሳ።

ደወልኩላት። እትዬ ሐሊማ ሱዳን ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤ አማርኛዋ ግማሹ አልቋል፤ ወንዱንም እንደ ሴት ትጠራለች።

«እትዬ፣ አሁን በስልኩ ሲያወራ የነበረ አበሻ አጠገብሽ አለ?»

«አለች። ሻይ ሦስት ጠጣች። ሰው ትጠብቃለች።»

«ከአውቶቡስ አንዲት ልጅ ትወርዳለች። እህቴ ናት። እንዳይወስዳት፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳይወስዳት!»

«እህትሽ?» አለችኝ። «ያላ፣ ነይ። እኔ ይዛለሁ።»

ማዳም ሳሎኑ በር ላይ አገኘችኝ። ከሶላት በኋላ እንግዳ ይመጣል። የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። እህቴ መንገድ ላይ ናት፣ ሰው ሊወስዳት ነው አልኳት። ለሁለት ዓመት ልጆቿን ያጠብኩላት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ «ከወጣሽ አትመለሺ» አለችኝ።

«ጀዋዜን ስጪኝና ልሂድ።»

«ጀዋዝሽ እዚሁ ይቆያል።»

ያለ ፓስፖርቴ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ስዘጋው የተሰማው ድምፅ ሰፈሩን ሁሉ ሳያስደነግጥ አልቀረም። ደግ አደረግኩ።

ከካፉሪ ሶባ ማለት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ነው። ጁምዓ ደግሞ መኪና የለም። ባህሪ ከተማ መሀል ድረስ በእግሬ እየሮጥኩም እየሄድኩም ደረስኩ። ድልድዩን በአንዲት ሚኒባስ ተሻገርኩ። ሁለተኛዋን ስይዝ የሶላት ጥሪ ተሰማ። ሹፌሩ መኪናዋን መንገድ ዳር አቆመና ምንጣፉን ይዞ ወረደ፤ ወንዶቹ ሁሉ ተከተሉት። እኛ ሴቶቹ የጋለ ቆርቆሮ ውስጥ ቀረን። አጠገቤ የተቀመጠች ሱዳናዊት እናት መንገዱን ደጋግሜ ሳይ ተመልክታ እጇን ጉልበቴ ላይ ጫነች። የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ረዘመ። እህቴ ወደ አንድ አውሬ እጅ እየተጓዘች እኔ ሹፌር በሌለው መኪና ውስጥ ቁጭ ብያለሁ! ሹፌሩ ሶላቱን አቋርጦ እንዲወጣ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሶባ ስደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የእትዬ ሐሊማን ጩኸት ነው።

«ብርጭቆዬን! ብርጭቆዬን ሰብራ ትሄዳለች?»

አንዲት ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንላት፣ ሞተሯ ተነሥቶ ቆማለች። ዘምዘም ውስጧ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቅፋለች። እትዬ ሐሊማ የረክሻዋን ብረት በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው የተሰበረ ብርጭቆ ትነቀንቃለች። በኋላ እንደነገረችኝ የሰበረችው ራሷ ናት። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ደልደል ያለ ሰው ሁለት ስልክ ይዞ፣ «እናቴ፣ ሰበርኩ እሺ፣ ልቀቂኝ» ይላታል።

ፊቱን አላውቀውም። የላከልኝ ፎቶ የሌላ ሰው ነበር። ድምፁን ግን አወቅሁት።

«ዘምዘም! ውረጂ ከዚያ!»

«ሰዓዳ!» እየሳቀች ዘላ ወረደች። «ያሲን አንቺ ጋ ሊወስደኝ እኮ ነበር! ለምን መጣሽ?»

አንገቷን አቅፌ ከኋላዬ አደረግኳት። ሰውዬው ደነገጠ፤ ግን ለቅጽበት ብቻ። ከዚያ ፊቱን እንደ ልብስ ቀየረው።

«የኔ ባለቅኔ» አለ በዚያ በለስላሳው ድምፅ። «ሰው ፊት አንዋረድ እንጂ። ቤታችን ገብተን እንነጋገር።»

ጁምዓ ስለሆነ የቀን ሥራ የሚጠብቁት ልጆቻችን ሻይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከአሥር ይበልጣሉ። ወደ እነሱ ዞረ። «ወንድሞቼ፣ ሚስቴ ናት። ተኳርፈን ነው።»

«ዋሽቷል! አላውቀውም!» ብዬ ጮኽኩ።

ስልኩን አወጣና ፎቶዬን አሳያቸው። ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥር ጀመር። «ባሏ ባልሆን ይሄን ከየት አመጣዋለሁ? ሰዓዳ መሐመድ፣ እንድሪስ፣ የሱፍ፣ አሊ፣ ይማም፣ በሽር፣ አህመዴ! የእናቷንስ ወገን ልጨምርላችሁ?»

አያቶቼ በዚያ አፍ ሲወጡ፣ መንገድ ላይ ልብሴን የገፈፈኝ ያህል ነበር።

አንድ ረጅም ልጅ፣ አነጋገሩ የኛ አገር የሆነ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ሰባት ቤቷን ቆጥሯል እኮ። የባልና የሚስት ነገር ነው፤ አትግቡበት።»

አትግቡበት! እኔ እየጮኽኩ ነው፤ እነሱ ግን ከኔ ጩኸት ይልቅ የአያቶቼን ስም አመኑ። እሱም ይሄን ያውቃል። ዘምዘምን በክንዷ ያዛት። ከኋላዬ ሆና፣ ግራ ገብቷት፣ «ሰዓዳ፣ ምንድን ነው?» ትለኛለች።

ያን ጊዜ ነው ንዴቴ ከጩኸት አልፎ የቀዘቀዘው።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ምን?»

«አንተም ቆጥረህልኛል። ባሌ አይደለህ? ቁጠራ!»

ሳቀ። «አሁን ጊዜው ነው?»

ረጅሙ ልጅ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ቁጠርላት እንጂ። ምን ችግር አለው?»

«ያሲን ኡመር» አለ። «ሰይድ…» ቆመ። «አህመድ…»

«አራጋው ነበር» አልኩት።

«አዎ፣ አራጋው። ከዚያ… አሊ።»

«ሙሄ። ቀጥሎ አደም። ከዚያ ይመር። ሰባተኛው ሽበሺ። ያንተን አያቶች ካንተ ይልቅ እኔ አውቃቸዋለሁ። አንተ ፈጥረህ ረሳሃቸው፤ እኔ አምኜህ በቃሌ ያዝኳቸው!»

ረጅሙ ልጅ ከባንበሩ ተነሣ።

«የአያቱን ስም የሚረሳ የት አገር ወሎዬ ነው?»

ሌሎቹም ተነሡ። ሰውዬው የዘምዘምን ክንድ ለቀቀና ረክሻዋ ውስጥ ገባ። ስትንቀሳቀስ ብቅ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ድምፅሽ ግን እኔ ጋ ነው» አለኝ።

ልጆቹ ሮጡ። ረክሻዋ መንደሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ያን ዕለት ለአንድ ፖሊስ ለመናገር ሞከርን። ሳንጨርስ የመኖሪያ ወረቀታችንን ጠየቀን። ሁለታችንም ወረቀት በእጃችን የለምና ተመለስን።

እትዬ ሐሊማ ቤት ዘምዘም ስልኳን ሰጠችኝና «የጻፍሽልኝን» አነበብኩት። እኔ እንደምጽፈው ነበር የተጻፈው። ቀልዱ የኔ፣ ቁጣው የኔ፣ ናፍቆቱ የኔ። መጨረሻ ላይ ግጥሜ በድምፄ።

«አልመጣም ብዬ ነበር» አለችኝ እያለቀሰች። «ፈርቼ ነበር። ግን ድምፅሽን ሰምቼ እንዴት እቀራለሁ?»

አባቴ ግን አላለቀሰም። በስልክ «ዘራችንን ለሌባ አስቆጠርሽ» አለኝ። ጓደኞቼም «ማን ስጪ አለሽ?» አሉኝ። ማንም «ማን ሰረቀሽ?» አላለኝም። አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ሰው እኩል ያናደደኝ ይሄ ነው። ሴትን «የማን ልጅ ነሽ? ከየት ነሽ?» ሲሏት ዝም ካለች ባለጌ የሚላት፣ ከመለሰች ደግሞ ሞኝ የሚላት ይኸው አንድ ሰው ነው። ወጉን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ወጉን ወጥመድ ያደረገው እሱ ነው። እኔ መሀል ላይ ነበርኩ።

ወግ መጥፎ ነው አልልም። ሰባት ቤት ይቆጠር፤ ግን ሽማግሌ ባለበት፣ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ወገን በተቀመጠበት ይቆጠር። ስልክ ላይ የሚቆጥር ሰው ዘመድ አይፈልግም፣ ቁልፍ ይፈልጋል። ፊታችንን ደብቀናል ካላችሁ፣ እኔም ደብቄ ነበር። ድምፃችሁን፣ ስልካችሁ የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የምትናፍቁትን ሰው ስም ጠብቁ። ዘምዘምና እኔ ዛሬ ስንደዋወል መጀመሪያ የምንባባለው ቃል አለ፤ አባታችንም አያውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ግጥም በድምፄ አንብቤ አላውቅም። ይሄን የምጽፈውም ልምከራችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር የማላውቃት ልጅ ገጼ ላይ ጻፈችልኝ። «እህት ሰዓዳ፣ የላክሽልኝን ግጥም ሰምቼ አለቀስኩ። ቦርሳዬን አዘጋጅቻለሁ። በየትኛው መንገድ ልምጣ?» ትላለች።

ወዲያው መለስኩላት። መልእክቱ አልሄደም። ያ ሰው ለእሷም «የድሮው ገጼ ተሰርቋል፣ ዝጊው» ብሏት ኖሮ፣ እስክመልስላት ድረስ ዘግታኛለች።

ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ምናልባት እሷ ታነበዋለች፣ ወይ የሚያውቃት ሰው። እህቴ፣ ድምፁ የኔ ነው፣ ጥሪው ግን የኔ አይደለም። አትምጪ።